ቆሜ የሸኘሁት አውሮፕላን

ልጄ ብሌን ስልኬ ላይ አንዲት ቢጫ አውሮፕላን ጭናልኛለች። ጥፍሬን ታህላለች። ልጄ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር በበረረች ቁጥር ያቺ ቢጫ ነገር ካርታው ላይ ብቅ ትልና ትጓዛለች፤ ከሥሯ ደግሞ የቀረው ኪሎ ሜትርና የቀረው ሰዓት ይጻፋል። «እማዬ፣ ከእንግዲህ አትፈሪም፤ የት እንዳለሁ እያየሽ ነው» አለችኝ። ልጅ ምን ያውቃል! ድሮ የማላይ ጊዜ የምፈራው አንድ ትልቅ ፍርሃት ነበር፤ አሁን እያየሁ በየደቂቃው እየመነዘርኩ እፈራለሁ። ባለፈው ሳምንት ውሃው መሀል ስትደርስ አውሮፕላኗ ቆመች። አልነቃነቅ አለች። ከቬርኒየ ወደ ጄኔቭ ከተማ በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩና «ኧረ ቆመች! ኧረ ልጄን!» ብዬ ብጮህ፣ ሹፌሩ በር ሰው የያዘ መስሎት ሁሉንም በር ከፈተው። ለካስ የቆመው የስልኬ ኢንተርኔት ኖሯል።

ከፊቴ ሰርቬት ሰፈር ፀጉር ቤት የምትሠራ አንዲት የአገሬ ልጅ ሕፃኗን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። «እናቴ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ። ስልኩን አሳየኋት። አይታ ሳቀች። «ስምንት ሰዓት ብቻ እኮ ነው። እሷ አሁን እግሯን ዘርግታ ፊልም እያየች ነው፤ እርስዎም ዝም ብለው ቁጭ ይበሉ» አለችኝ። ቁጭ ይበሉ! ያችን ቃል ከአውሮፕላን ጋር አንድ ላይ ስሰማ ሁለቱም ጉልበቶቼ ቆረጠሙኝ። የልጅቷ ጥፋት አይደለም፤ የእኔን ጉድ በምን አውቃ። እናንተም አታውቁትም፤ ልንገራችሁ።

ዓመቱን በእኛም አቆጣጠር በእነሱም ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም፤ ዓመት ላይ ደካማ ነኝ። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ሴት ልጅ ሱሪዋን ከወገቧ አውርዳ ዳሌዋ ላይ የምታንጠለጥልበት ዘመን ነበር፤ እኔም ከኋላ ከኋላ እየሄድኩ የብሌንን ሸሚዝ ወደ ታች ስጎትት ነው የኖርኩት። ስልክ ይታጠፍ ነበር፤ ሲዘጋ «ቋ» ይላል። የተናደደ ሰው ጆሮ ላይ የሚዘጋው ነገር ነበረው፤ ዛሬ የተናደደ ሰው መስታወት ከመዳበስ ሌላ ምን አለው? ሰርቬት ማዕዘኑ ላይ አንድ የስሪላንካ ሰው የአንበሳ ሥዕል ያለበት የአሥር ፍራንክ የስልክ ካርድ ይሸጥ ነበር። ቁጥሩን በሳንቲም ፍቄ ስደውል አንዲት ሴት «አርባ ሁለት ደቂቃ አለዎት» ትለኛለች፤ ሀያ ሳይሞላ ትቆርጠዋለች። ያቺን ሴት አንድ ቀን ባገኛት የምላት ብዙ አለኝ። ከሱቁ አለፍ ብሎ የአበሻ ካሴት በካርቶን ዘርግቶ የሚያከራይ ሰው ነበር፤ ዘፈኑ ሁሉ ስለ መንገድና ስለ መለየት ነው። ሸሚዝ እየተኮስኩ እሰማውና እንባዬ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ሥር ያለው መተላለፊያ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ክሯሳን ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬም አለ፤ የማይገኘው ያኔ በባዶ ሆዴ እየሮጥኩ ያለፍኩበት ጉልበት ነው።

ያን ጊዜ የአንድ ዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የቤቱን ጌታ ሙሴ፣ ሚስቱን ማዳም እላቸዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ስማቸውን ማወቅ ሥራዬ አልነበረም። የሙሴ ቢሮ ግድግዳ ላይ አራት ሰዓቶች በተርታ ተሰቅለው ነበር፤ ከሥራቸው አንድ አንድ ቃል ተጽፏል። እኔ እስከ ሦስተኛ ክፍል የተማርኩ ሴት ነኝ፤ በአማርኛ ዳዊት እደግማለሁ፣ የፈረንጁን ፊደል ግን ያን ጊዜ ከቁጥሩ በቀር አላነበውም። አራቱም ሰዓቶች የሚሉት የተለያየ ነው። በልቤ «ይህን ያህል ሀብት ይዘው ባትሪ መግዛት እንዴት አቃታቸው?» አልኩ። አንድ ቀን መሰላል አቅርቤ አራቱንም ከእጄ ሰዓት ጋር አስተካከልኳቸው፣ መስታወታቸውንም ወለወልኩት። በማግስቱ ሙሴ አንድ ሩቅ አገር ያለ ትልቅ ሰው ከሞቀ እንቅልፉ በስልክ ቀስቅሶ ኖሮ ቤቱ ተተራመሰ። ማዳም «ማነው የነካው?» ስትል፣ ምርቃት የማገኝ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ «እኔ ነኝ» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ተቆለፈብኝ። ለምን እንደተቆለፈ ግን ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም፤ ያኔ አስረድተውኝ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰብኝ።

አትሳቁብኝ። የእኛ ዘመን ለብቻው ነው፤ አዲስ ዓመታችን ለብቻው፣ ገናችን ለብቻው፣ ሰዓታችንም ለብቻው። ጄኔቭ ስገባ ስድስት መደመርና መቀነስ ተማርኩ፤ የእኛ ሦስት ሰዓት የእነሱ ዘጠኝ ነው። አዲስ አበባ ስደውል ደግሞ አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይቀድሙናል፤ እሱንም እንደ ዘመን አቆጣጠራችን ያው የእኛ አመል ነው ብዬ ተቀበልኩት። በእኔ ሐሳብ ዓለም ሁለት ነበረች፤ እኛ በራሳችን ሰዓት፣ ፈረንጅ ሁሉ በአንድ ሰዓት። ፈረንጅ ከፈረንጅ በሰዓት ይለያያል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

እንግዲህ ብሌን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። አባቷ ገና ሕፃን ሳለች አርፏል። እኔ ለሥራ ስመጣ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ትቻት አምስት ዓመት በዚያ በአንበሳ ካርድ ነው ያሳደግኳት። ጥርሷ ሲነቀል በስልክ፣ ፊደል ስትቆጥር በስልክ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሚዬ፣ ሲሰጠኝና በዘጠኝ ዓመቷ ስትመጣልኝ፣ ከእንግዲህ ከዚህች ልጅ ጋር በመካከላችን ከአንድ ግድግዳ በላይ አይገባም ብዬ ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ «ማማን፣ ሞንትሪያል ልሄድ ነው። ለትምህርት። ኧን አን! አንድ ዓመት ብቻ!» አለችኝ። ሞንትሪያል ካናዳ ነው። እኔ ካናዳ የማውቀው ማዳም ቤት ያለ የማር ጠርሙስ ላይ ነው፤ ቀይ ቅጠል አለው።

አለቀስኩ፤ አልሰማችኝም። ዝም አልኩ፤ ያንንም አልሰማችኝም። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፤ መሀል ላይ ወርዳ ሌላ አውሮፕላን እንዳትሳፈር። አንድ አውሮፕላን አንድ መነሳትና አንድ ማረፍ ነው፤ ሁለት ሲሆን አራት ፍርሃት ነው። ከጄኔቭ ቀጥታ የሚሄድ ስላልተገኘ ከዙሪክ ተቆረጠላት። ትኬቱ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የፈለግኩት ቁጥሩን ነው። «ብሌንዬ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላት ጆሮዋ ላይ ዘፈን ሰክታ «ትኬቱ ላይ አለ፣ ማማን» አለችኝ። እውነትም አለ። ከዙሪክ የምትነሳው አሥራ ሁለት ተኩል፣ ሞንትሪያል የምትደርሰው አሥራ አራት ከአርባ አምስት። በጣቴ ቆጠርኩ። ሁለት ሰዓት ከሩብ! ከዙሪክ ጄኔቭ እንኳ በባቡር ሦስት ሰዓት ነው። ልጄ ካናዳ ገብታ ሻንጣዋን ስትፈታ እኔ ገና ሎዛን ነኝ ማለት ነው። «ታዲያ ይህን ነው ሰው ሩቅ የሚለው?» ብዬ ያን ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ እራት በላሁ።

ቢሆንም አውሮፕላን አውሮፕላን ነው፤ ያለ ስለት አይሳፈሩበትም። ችግሩ ስለቶቼን መጨረሴ ነው። ለፔርሚዬ ጥላ፣ ለብሌን መምጣት ምንጣፍ፣ ለፈተናዋ ጧፍ በእሽግ አግብቻለሁ። ደግሞ ስለት የሚገባ ሰው እንደ ገበያተኛ ነው፣ አቅሙን ያያል። ሁለት ሰዓት ከሩብ መሆኑን አረጋግጬ ሳበቃ ነው እመቤቴ ፊት ቆሜ «ልጄ አየር ላይ እስካለች ድረስ አልቀመጥም፤ ከተነሳችበት እስክታርፍ በእግሬ እቆማለሁ» ያልኩት። ቅዳሴ ከዚህ ይበልጣል። እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የማልደገፍ ሴት ነኝ፤ እሱንም ሰው እንዲያይልኝ እወዳለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እውነቱን ለመናገር ስለቱ ረክሶልኝ ነበር።

የፍልሰታ ጾም በተፈታ ሳምንት በጠዋት ባቡር ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። ብሌን ነጭ ሸራ ጫማና ያንን የሚንጠለጠል ሱሪ አድርጋለች፤ ሹሩባዋን እኔ ራሴ ነኝ የሠራኋት። መለያው በር ላይ አንገቷን ይዤ አልለቅ አልኩ። «ማማን፣ አርቴ፣ በቃ፣ ሰው እያየን ነው!» ትለኛለች፣ እሷም ግን አልለቀቀችኝም። ኋላ በሩ ዋጣት። ከዚያ ወደ ባቡር ጣቢያው ወረድኩና የመነሻዋ ሰዓት እስኪደርስ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን አጠራቀምኩ። ልክ አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን አማትቤ ተነሳሁ። አሥር ደቂቃ ቆይቶ የጄኔቭ ባቡር መጣ፤ ገባሁ፣ ቆምኩ።

ባቡሩ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። መቀመጫው ለስላሳ፣ ሰማያዊ፣ «ነይ ነይ» የሚል ነው። እኔ መሀል መተላለፊያው ላይ ሻንጣ ማስቀመጫውን ይዤ እንደ ጧፍ ቀጥ ብያለሁ። ትኬት የሚያየው ሰውዬ መጣና በጀርመንኛ ወንበሩን አሳየኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። በፈረንሳይኛ ደገመልኝ፤ «ማዳም፣ ቦታ ሞልቷል እኮ።» «መርሲ፣ መቆም እወዳለሁ» አልኩት። እስከ በርን ከተማ ሦስት ጊዜ መጥቶ አየኝ፤ የተሰረቀ ነገር የደበቅኩ ሳይመስለው አልቀረም። አንዲት ነጭ ፀጉር ያላቸው የስዊስ አሮጊት ደግሞ ከዙሪክ ጀምሮ በሐዘን ሲመለከቱኝ ቆይተው፣ ፍሪቡር ሲወርዱ ጠጋ ብለው ክንዴን ያዙኝና ከቦርሳቸው አንድ ቅባት አውጥተው በእጄ ሸጎጡልኝ። «እኔም ነበረብኝ። ማታ ማታ ተቀቢው፣ በሳምንቱ ትቀመጫለሽ» ብለው በጆሮዬ አንሾካሾኩ። ለኪንታሮት ነው! ምን ልበላቸው? አመስግኜ ተቀበልኩ።

አሥራ አራት ከአርባ አምስት ሲሆን ሰዓቴን ሁለቴ አየሁ። ልጄ አረፈች። ከፍሪቡር ወዲህ ነን፤ በየጣቢያው የገባው ሰው ሁሉ ጋዜጣውን ዘርግቶ ዝም ብሏል። አልቻልኩም፤ እልልታዬን አቀለጥኩትና ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። ጋዜጣዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ወረዱ። ያ መቀመጥ! በሕይወቴ እንደዚያ ያለ መቀመጥ አልተቀመጥኩም። የተቀቀለ እንቁላሌንና ዳቦዬን አወጣሁ። ትንሽ ቆይቶ ባቡሩ ከዋሻ ወጣና የሌማን ሐይቅ በአንድ ጊዜ ከግራ በኩል ፏ አለ፤ ወይኑ ከላይ፣ ውሃው ከታች። «ስለቴ ሠመረ ማለት ነው» ብዬ እንቁላሌን በደስታ ነከስኩ። እንቁላሉን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም አፍራለሁ። እሷ ውቅያኖስ ላይ፣ እኔ እንቁላል ላይ።

ጄኔቭ ደረስኩ። አውቶቡስም ላይ ተቀመጥኩ። ቤቴ ቬርኒየ፣ ሊኞን የሚሉት ያ ረጅም ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነበር። ገብቼ ስልኩን ከፊቴ፣ እግሬን ለብ ያለ ውሃና ጨው ውስጥ አድርጌ ሶፋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ስልኩ ዝም አለ። ያን ጊዜ ነው ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንጠልጥለው የመጡት። እትዬ ሙሉ አንድ ዓለም አቀፍ ቢሮ ውስጥ በጽሕፈት ሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ አራት ቋንቋ የሚያውቁና በአራቱም የሚሳደቡ ሴት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማረው።

«ሄደች?» አሉኝ።

«ከደረሰች ሁለት ሰዓት ሆናት። ያልደወለችው የካናዳ ፖሊስ ይዟት ይሆን እንዴ?»

«በስንት ሰዓት ተነሳች?»

«አሥራ ሁለት ተኩል።»

«ታዲያ በምን ደረሰች? በመድፍ ነው የተኮሷት?»

የትኬቱን ቅጂ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አነበቡ፣ አወለቁ፣ ዓይኔን አዩኝ። «አንቺ አስካለ፣ አሥራ አራት ከአርባ አምስት የሚለው እኮ በካናዳ ሰዓት ነው።»

«እነሱስ ፈረንጅ አይደሉም? ሰዓታቸው አንድ ነው። የምንለየው እኛ ነን።»

እትዬ ሙሉ ሳቅ አላቆም ብሏቸው ግድግዳ ያዙ። «ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው! እዚያ ገና ጠዋት ነው! ልጅሽ አሁን መሀል ውሃ ላይ ናት። የምታርፈው በዚህ አገር ሰዓት ማታ፣ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው፤ ስምንት ሰዓት ከሩብ መንገድ ነው!»

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ሳፋው ተገለበጠ፣ ውሃው እስከ በሩ ሄደ። «ተቀመጥኩ! እትዬ፣ ተቀመጥኩ! ልጄ አየር ላይ እያለች እንቁላል በላሁ!» ስል ነገሩ አልገባቸውም። ስለቱን ነገርኳቸው። መሳቃቸውን አቆሙ ስል ባሰባቸው። «በይ እንግዲያው ይህን ሁሉ ኪሎ ሜትር አንቺ ነሽ በጉልበትሽ የምትሸከሚው? አብራሪው ደመወዙን ለአንቺ ይስጣ!» አሉኝ። እኔን ግን አላሳቀኝም። ለሰው የተገባ ቃል ቢፈርስ ይቅርታ ይጠየቃል፤ እዚህ ላይ ግን መያዣዋ ልጄ ናት። እያንዳንዱ የተቀመጥኩበት ደቂቃ ከክንፉ ላይ አንድ ብሎን የሚፈታ መሰለኝ። እርጥብ እግሬን ሳላደርቅ ዙሪክ ደወልኩ፤ የነፍስ አባቴ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ሽዋመንዲንገን ነበሩ የሚኖሩት።

«አባ፣ ወለተ ማርያም ነኝ» አልኩ በክርስትና ስሜ። «ተቀመጥኩ!»

«ደግ አደረግሽ ልጄ።»

«አይደለም አባ! ባቡር ላይ ተቀመጥኩ!»

«ባቡር ላይ መቀመጥ ኃጢአት መሆኑን እኔም ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። የአሮጊቷን ቅባት ሳይቀር። አባ ስልኩን ከአፋቸው አርቀው ሲስቁ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው። «ልጄ፣ አውሮፕላኑን የያዘው የአንቺ ጉልበት ነው ብለሽ ነው?» አሉኝ።

«እሱን አላውቅም አባ። እኔ የማውቀው ቃል መግባቴን ነው።»

«ባለማወቅ የሆነ ነው፤ አትፍሪ። ከቀትር በኋላ ከጣሪያዬ በላይ ያለፈውን አውሮፕላን ሁሉ ስባርክ ነው የዋልኩት፤ ጩኸታቸው ጸሎት ሲከለክለኝ ሌላ ምን ላድርግ። የእሷም አይቀርም። ግን አንቺን አውቅሻለሁ፤ ዝም ብልሽ አትተኚም። ስንት ሰዓት ተቀመጥሽ?»

«ሁለት ሰዓት።»

«እንግዲያው እስክታርፍ ቁሚ፤ ከደረሰች በኋላ ደግሞ ሁለት ሰዓት ቆመሽ የጎደለውን ሙዪ። ሁለት ብያለሁ፤ ሦስት እንዳታደርጊው፣ አንቺ መጨመር ትወጃለሽ። አሁን ስልኩን ዝጊ፣ ልጅቷ ልትደውል ትችላለች።»

ከዚያ ያለው ጊዜ አልሄድ አለ። እትዬ ሙሉ ወለሉን ወለወሉና ሶፋው ላይ፣ በእኔ ሶፋ ላይ፣ ተመቻችተው ተቀመጡ። «ኧረ እንደ አጥር እንጨት አትገተሪብኝ፣ ዓይኔን አደከምሽኝ» ይላሉ። ከመቆም አይቀር ብዬ የመተኮሻ ጠረጴዛዬን ዘረጋሁ። የብሌንን ትራስ ልብስ ተኮስኩ፣ አንሶላውን፣ መጋረጃውን፣ የወጥ ቤት ፎጣውን፤ ሲያልቅብኝ ከእትዬ ሙሉ አንገት ላይ ሻርፓቸውን ፈትቼ ተኮስኩ። እየተኮስኩ አንድ ነገር አሰብኩ። እኔ ይህን አገር ከረገጥኩ ጀምሮ ቆሜ ነው የኖርኩት፤ ማዳም ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ስንት ሺህ ሸሚዝ፣ ስንት ሺህ ሰዓት። ያንን ማንም ስለት ብሎ አልቆጠረልኝም። ይኸው ለገዛ ልጄ ልቁም ባልኩባት በአንዲት ቀን ተቀመጥኩ።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሆነ። ስልኩ ዝም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ፀሐይዋ ከጁራ ተራራ ጀርባ ገብታ ሰማዩ ብቻ ቀልቷል። «ሰልፍ ነው። ፓስፖርት ሲያዩ ሰልፍ አለ» አሉ እትዬ ሙሉ። ዘጠኝ ከሩብ። «ሻንጣም ይቆያል።» መነጽራቸውን ጠረጉ። መልሰው ጠረጉ። ስድባቸው ቀርቶ ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። እትዬ ሙሉ ዝም ካሉ ዓለም ታሟል ማለት ነው። ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛውን ያዝኩ፣ ከዚያ መደገፍ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ለቀቅኩት።

ስልኩ ሲጮህ ሁለታችንም ጮህን።

«ማማን? ደረስኩ። ካርድ እስክገዛ ነው የቆየሁት። እዚህ ሙቀቱ...»

«መቼ ነው የነቀነቃችሁ?» አልኳት።

«ምን?»

«አውሮፕላኑ! ከተነሳችሁ ሁለት ሰዓት ከሩብ በኋላ ነቅንቋችሁ ነበር?»

«እኔ እንጃ፣ ተኝቼ ነበር። ምሳ ሳይሰጡን ነው የተኛሁት፣ እስክናርፍ አልነቃሁም። ለምን?»

ተኝታ ነበር! እኔ ይህን ሁሉ ስሆን ልጄ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ድምፅ ሳላሰማ፣ መቀበያውን በእጄ ሸፍኜ።

«ማማን፣ ድምፅሽ ደክሟል። ቁጭ ብለሽ ነው?»

«ቁጭ ብያለሁ ልጄ» አልኳት ቆሜ።

ስልኩን ዘጋሁ። እመቤቴን አመሰገንኩና የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ ዘጠኝ ተኩል። ሁለት ሰዓት ዕዳዬ ገና መጀመሩ ነው። «በሉ እትዬ፣ ይሂዱና ይረፉ፤ እግርዎም ሪህ አለበት» አልኩ። እትዬ ሙሉ ሶፋውን ተደግፈው እያቃሰቱ ተነሱ፤ ወደ በሩ ግን አልሄዱም። መጥተው ከጎኔ ቆሙ።

«ሁለት ሰዓት ለአንድ ሰው ነው» አሉ። «ለሁለት ሰው አንድ አንድ ሰዓት ነው። ሒሳብ እንኳ አታውቂም።»

«እትዬ፣ ስለቱ እኮ የእኔ ነው። እርስዎ ደግሞ በዚህ አያምኑም።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነበር። «እኔ ከአገር የወጣሁት በእግሬ ነው» አሉ። «እናቴ የደረስኩበትን የሰማችው በዓመቱ ነው። ትኬት ያሳያት የለም፣ በስንት ሰዓት እንደምደርስ የነገራት የለም። አንቺ ስትንቀጠቀጪ ሳይ ነው ዛሬ ያሰብኩት፤ እሷ እንዲህ ከቆመች አንድ ዓመት ሙሉ ቆማለች። ለእሷ አንድ ሰዓት ልቁምላት።»

ጎን ለጎን ቆምን፣ ሁለት ሴቶች፣ የተተኮሰ መጋረጃ ፊት ለፊት። አሥር ደቂቃም አልሞላ።

«አስካለ።»

«አቤት እትዬ።»

«ግድግዳ መደገፍ ይፈቀዳል?»

«አይፈቀድም።»

«ጨካኝ ነሽ» አሉና ጫማቸውን አውልቀው ቀጥ ብለው ቆሙ።